ደህና ነው ብለን የምንተወው መድኃኒት

ኅዳር 12 ቀን ማታ የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኖ ያደረ የጤና ባለሙያ የምናገረውን ያውቀዋል። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። አመሻሹ ላይ ጭሱ እንደ ጉም ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ዕረፍት የለውም። ከእነዚህ ምሽቶች በአንዱ አንዲት አያት የ5 ዓመት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ገቡ። ልጁ ትከሻውን ወደ ላይ ሰቅሎ ነበር የሚተነፍሰው፤ ስሙን ስጠይቀው እንኳ አንድ ቃል ተናግሮ ትንፋሽ ያጥረዋል። አያቲቱ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ፓፍ ሰጡኝ። ከሦስት ወር በፊት የታዘዘ ነው፤ ግን አልተነካም። «ደህና ሆኖልኝ ነበር፤ ሱስ እንዳይሆንበት ብዬ ተውኩት ልጄ» አሉኝ።

ልጁ ተርፏል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሳትተርፍ የቀረች ልጅ አይቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ይህን ነገር ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው።

የሚያሳስተን «ደህና ነው» የምንለው ቃል ነው። አስም ሲነሳ የሚመጣ፣ ሲተው የሚሄድ ይመስለናል። ነገር ግን አስም ያለበት ልጅ እየሮጠና እየተጫወተ ሳለም የአየር ቧንቧው የውስጥ ሽፋን በመጠኑ ያበጠና የተቆጣ ሊሆን ይችላል። ጉንፋን ወይም ጭስ ሲነካው ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይሆናሉ፦ በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ሽፋኑ ይብሱን ያብጣል፣ ወፍራም አክታም መተላለፊያውን ይሞላዋል። ጤነኛ የሆናችሁ አፍንጫችሁን ይዛችሁ በስትሮ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ተንፍሱና ሞክሩት። አስም ሲነሳ ይበልጥ የሚከብደው አየር ማስወጣቱ ነው። ሲር ሲር የሚለው ድምፅም በአብዛኛው ሲያስወጣ ይሰማል። አሮጌው አየር ሳይወጣ ደግሞ አዲሱ መግቢያ ያጣል።

«ለምን የእኔ ልጅ?» ይሉኛል ወላጆች። ውርስ ድርሻ አለው፤ እናት ወይም አባት አስም፣ የአፍንጫ አለርጂ ወይም የሚያሳክክ የቆዳ ሽፍታ ካለባቸው የልጁ ዕድል ይጨምራል። በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት ወይም አብሮ በመተኛት አይጋባም። ብርድም ይቀሰቅሰዋል እንጂ አይፈጥረውም። በትንንሾቹ ላይ ዋናው ቀስቃሽ ተራ ጉንፋን ነው። ከዚያ በአሮጌ ፍራሽና ትራስ ውስጥ የሚራቡት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት፣ በረሮ፣ የከሰልና የማገዶ ጭስ፣ ሲጋራ፣ በርበሬ ሲታመስ የሚወጣው ጢስ፣ አንዳንዴም ከልብ የመነጨ ሳቅ ይቀሰቅሰዋል። (አያቶች፣ ይህቺ ለራሳችሁ ናት፦ አስም ካለባችሁ ለልብ ወይም ለደም ግፊት እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ቧንቧውን ሊያጠብ ይችላል።)

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። ፓፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እብጠቱን ግን አያወርደውም። እብጠቱን የሚያወርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ነው። ይህኛው በታዘዘው መሠረት በየቀኑ ይወሰዳል፤ ሲወስዱት ምንም ለውጥ አይሰማም፤ ውጤቱ የሚታየው ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ነው። እናቶች ቁም ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡት እሱን ነው፤ አያቲቱ በነጠላቸው ቋጥረው ያመጡትም እሱን ነበር። ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ ስሙን አስነብባችሁ ለዩት። ልጁ ከወሰደ በኋላ አፉን ተጉመጥምጦ ይትፋ፤ ካለዚያ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ሊወጣበት ይችላል።

እኛ ባለሙያዎቹም ከጥፋት ነፃ አይደለንም። ሥራ ስጀምር አሚኖፊሊን በደም ሥር ቀስ አድርገን ሰጥተን፣ ሲርታው ሲቆም «ተሽሎሃል» ብለን እንሸኝ ነበር። ስለ እብጠቱ የሚያወራ አልነበረም።

ሱስ የሚባለውም ሐሰት ነው። ፓፉን ፈርተው ክኒን የሚመርጡ ደግሞ ሒሳቡን ይስሙ፦ ሳልቡታሞል ከፓፉ አንድ ጊዜ ሲጫን የሚወጣው 100 ማይክሮ ግራም ነው። ባለ 4 ሚሊ ግራሙ ክኒን የዚህ 40 እጥፍ ነው። ክኒን የዋጠ ልጅ እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ ልቡም የሚደልቀው ለዚህ ነው።

ሌላው ችግር አወሳሰዱ ነው። ልጅ አፍ ላይ ቀጥታ ከተጫነ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለዚህ ስፔሰር የሚባል ማስተላለፊያ አለ፤ ከጠፋ ግን ባዶ የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ይሠራል። ታችኛውን ጎን በፓፉ አፍ ልክ ብሱትና ፓፉን አስገብታችሁ ዙሪያውን አየር እንዳያሳልፍ አጣብቁት። የኬፕታውን የሕፃናት ሐኪሞች በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በደንብ የታሸገ ጠርሙስ ከሚሸጠው ስፔሰር ያላነሰ ሠርቷል። ፓፉን አራግፉ፤ ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይክደን፤ አንዴ ተጭናችሁ 5 ወይም 6 ጊዜ በእርጋታ ይተንፍስ፤ ከዚያ ብቻ ሁለተኛውን ተጫኑ።

ሰማያዊው በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ካስፈለገ፣ ወይም ልጁ ሌሊት እያሳለ ከነቃ፣ አስሙ አልተያዘም ማለት ነው፤ ሐኪሙ ይየው። ሰማያዊው ካላስታገሰው ወይም 4 ሰዓት ሳይሞላ ከተመለሰበት ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። የጎድን አጥንቱ መካከል ወደ ውስጥ ከገባ፣ መናገር ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከፈዘዘ፣ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል። በመንገድ ላይ ቁጭ አድርጉት እንጂ አታስተኙት፤ ሰማያዊውንም በጠርሙሱ መስጠታችሁን አታቁሙ። ከሁሉ የምፈራው ሲርታው ድንገት ጸጥ ሲል ነው። ልጁ አሁንም ትንፋሽ እየጠረው ደረቱ ጸጥ ካለ፣ ድምፅ የሚያሰማው አየር እንኳ አጥቷል ማለት ነው። ቤተሰብ በዚህ ጊዜ «ተኛልን፣ ተሻለው» ሲል ሰምቻለሁ።

እነዚያን አያት ከዓመት በኋላ ለክትትል ሲመጡ አገኘኋቸው። ልጁ ሁለቱንም ፓፍ ራሱ ያውቃቸዋል፤ «ይቺ የጠዋትና የማታ፣ ይቺ የጭንቅ» ብሎ አሳየኝ። ከሰሉን ወደ ግቢ አውጥተውታል። «ዕጣኑን ግን ልተወው አልቻልኩም» አሉኝ ፈገግ ብለው። ቡና ሲፈላ ልጁ ጎረቤት ሄዶ እንዲጫወት፣ ቤቱም በደንብ ተናፍሶ እስኪጠራ እንዳይመለስ ተስማማን።