ያልተመዘገበ እንግዳ፦ ሰላይ ሶፍትዌርና አድዌር በቤት ኮምፒውተር

ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ጎብኚ መጀመሪያ ደባርቅ ላይ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። ስካውት (ጠባቂ) ይመደብለትና ወደ ሳንቃ በር ያቀናል። ማን እንደገባና ከማን ጋር እንደገባ ይታወቃል። በየቤታችን ያለው ኮምፒውተር ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም።

ሁለቱ እንግዶች

አድዌር የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። ከነጻ ፕሮግራም ጋር ተዳብሎ ይገባና የብሮውዘሩን መነሻ ገጽ ይለውጣል፤ ፍለጋችንን ወደ ሌላ ገጽ ይመራል፤ ማስታወቂያ በላይ በላዩ ይከፍታል። ጥቅል እየገዛ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ቤተሰብ ጉዳቱ የኪስም ነው፤ ያልጠየቀው ቪዲዮ የከፈለበትን ሜጋባይት ይበላበታል።

ሰላይ ሶፍትዌር ግን ድምፁን አጥፍቶ ይሠራል። የምንተይበውን እየለቀመ የይለፍ ቃል ይይዛል፣ የስክሪኑን ምስል ይቀዳል፣ ካሜራና ማይክሮፎን ይከፍታል።

በእኛው ላይ የደረሰው

ይህ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 የተቃዋሚውን ግንቦት 7 አባላት ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ሶፍትዌር አጋለጠ። በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊም ኮምፒውተሩ በኢሜይል በመጣ የዎርድ ሰነድ ተበክሎ ለወራት የስካይፕ ጥሪው ተቀድቷል። ልጁ ለ9ኛ ክፍል የቤት ሥራ ያደረገው ፍለጋ ሳይቀር ተመዝግቧል። ሰውየው «ኪዳኔ» በሚል ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ቢከስም፣ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም በማለት ክሱን ዘጋው።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደግሞ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰላይ ሶፍትዌር ተሞክሯል። ሲትዝን ላብ ሙከራውን ያገናኘው ሃኪንግ ቲም ከተባለው የጣሊያን ኩባንያ ምርት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የዚህ ኩባንያ 400 ጊጋባይት መረጃ ሾልኮ ሲወጣ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የመረጃ መረብ ደኅንነት ተቋም ኢንሳ ከደንበኞቹ መካከል ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጋለጠው የእስራኤሉ ሳይበርቢት ሶፍትዌር በበኩሉ የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ ይላክ ነበር።

መሣሪያዎቹ ውድና የረቀቁ ናቸው። መግቢያቸው ግን ተራ ነው፤ ሰነድ፣ ፎቶ ወይም «አሻሽል» የሚል ማስታወቂያ። በሩን የሚከፍተው የባለቤቱ እጅ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ እንግዳው ዕቃውን ሳንገዛው ይቀድመናል። ሴኪዩር-ዲ የተባለው የሞባይል ደኅንነት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ እንዳደረገው፣ በቴክኖ ደብልዩ 2 ስልኮች ላይ ቀድሞ የተጫነው ትሪያዳና እሱ የሚያስገባው ኤክስሄልፐር የተባሉ ፕሮግራሞች ባለቤቱ ሳያውቅ በሒሳቡ አገልግሎት ለመግዛት ይሞክሩ ነበር። ኢትዮጵያ ችግሩ ጎልቶ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። አምራቹ ትራንሽን ጥፋቱ የአንድ አቅራቢ ነው ብሏል።

ፍላሽና ክራክ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፋይልን ከሰው ወደ ሰው ማድረሻው አንዱ መንገድ ፍላሽ ዲስክ ነበር። የፍላሽ ቫይረስ ፎልደራችንን ይደብቅና በዚያው ስም አቋራጭ (ሾርትከት) ያስቀምጣል። ስንጫነው ቫይረሱ ይነሳል፣ ፎልደሩም ይከፈታል፤ ስለዚህ አንጠረጥርም። ኢንተርኔት በሌለበት አንቲቫይረሱም አይታደስም፤ አዲሱን ቫይረስ ላያውቀው ይችላል።

ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ ቁልፉ የተሰበረ ዊንዶውስና ኦፊስ ሌላው መግቢያ ነው። ክራኩን ለማስነሳት «አንቲቫይረሱን አጥፋ» እንባላለን። ዘበኛውን አሰናብቶ እንግዳ እንደ መቀበል ነው።

ቤትን መጠበቅ

ለአብዛኛው ቤተሰብ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር በቂ መነሻ ነው፤ ዋናው አለማጥፋትና ሳያድሱ አለመተው ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ማሻገር ይገባል። ለልጆችና ለዕለት ሥራ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው አካውንት ይከፈት። የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ ይደረግ፤ ፎቶ ወይም ሰነድ ተብሎ የመጣ ፋይል በ«ኢኤክስኢ» ካለቀ ፕሮግራም ነውና አይከፈት። ፍላሽ ከመከፈቱ በፊት ይፈተሽ። የልጆች ፎቶና የትምህርት ማስረጃ ከኮምፒውተሩ በተነጠለ ሃርድ ዲስክ ቅጂ ይኑረው።

ሰላይ መግባቱ ከተጠረጠረ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ማላቀቅ፣ የይለፍ ቃሎችን በሌላ ንጹሕ መሣሪያ መቀየር፣ ሰነዶችን አስቀርቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይበጃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን በወንጀል ያስቀጣልና የተጎዳ ሰው ለፖሊስ ያመልክት።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ምሽት ይበቃል። የተጫኑትን ፕሮግራሞችና የብሮውዘሩን ተቀጥላዎች ዝርዝር ከፍቶ ከቤተሰብ ጋር አንድ በአንድ ማንበብ፣ «ይህን ማን አስገባው?» ብሎ መጠየቅ። መላሽ ያጣውን ምንነቱን አጣርቶ ማስወጣት ነው። የቤታችን መዝገብ ይህ ዝርዝር ነው።