የእርሻ ቆጠራ ሶፍትዌር ከመታደሱ በፊት ሊደረግ ስለሚገባው ዝግጅት

አንድ አስተዳዳሪ በግዛቱ ውስጥ የሚመረተውን የእህል መጠን በትክክል ሳያውቅ ዘርንና ማዳበሪያን በአግባቡ ለማደል፥ በችግር ጊዜም ለተቸገረው ሕዝብ እርዳታ ለማድረስ አይችልም። ይህም ዕውቀት የሚገኘው በቆጠራ ነው።

በኢትዮጵያ የእርሻ ናሙና ጥናት ሲደረግ ቆጣሪው በተመረጠው ማሳ ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ለክቶ ይከልላል፤ በዚያ ውስጥ ያለው ሰብልም ታጭዶና ተወቅቶ ይመዘናል። ቦታው 16 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ የአንድ ሄክታር 625ኛ እጅ ነው። ስለዚህ ከዚያ 4 ኪሎ ስንዴ ቢገኝ በሄክታር 25 ኩንታል ተብሎ ይታሰባል፤ የ1 ኪሎ ስሕተት ግን በሄክታር 6 ኩንታል ከ25 ኪሎ ያዛባል። ማሳው አንድ ጊዜ ከታጨደ በኋላ የጠፋውን ልኬት እንደ ገና ለመውሰድ አይቻልም።

ቀድሞ ይህን የመሰለው ሥራ ሁሉ በወረቀት ይጻፍ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ አገር ቆጣሪዎች በስልክና በታብሌት ይጽፋሉ። ለዚህ ሥራ ከተዘጋጁት ሶፍትዌሮች አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 ዓመት በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦ.ዲ.ኬ. ነው። ኮሌክት የተባለው ክፍሉ በቆጣሪው እጅ ባለው መሣሪያ ላይ ይሠራል፤ ሴንትራል የተባለው ደግሞ ከየስፍራው የሚላከውን በአንድ ሰርቨር ላይ ይቀበላል። ኮሌክት ኢንተርኔት በማይደርስበት ቀበሌም ያገለግላል፤ የተሞላው መጠይቅ እስኪላክ ድረስ በመሣሪያው ውስጥ ተቀምጦ ይቆያልና። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ሲሆን፥ አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ሶፍትዌር በየጊዜው መታደሱ ግድ ነው። አሮጌው እትም ጉድለቱ ሳይታረም ይቀራል፥ ለሌባም በር ይከፍታል። ለምሳሌ ሴንትራል በ2023 ዓመት፥ መረጃ የሚያከማችበትን ፖስትግሬስ የተባለውን ክፍል ከ9.6ኛው እትም ወደ 14ኛው አዛወረ፤ ለ9.6ኛው እትም የሠሪዎቹ ጥገና በ2021 አብቅቶ ነበርና። ነገር ግን ማደሱ ያለ ዝግጅት የተደረገ እንደ ሆነ የብዙ ሰው ድካም በአንድ ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን መፈጸም ያስፈልጋል።

1ኛ፥ ጊዜን መምረጥ። ማደሱ ቆጠራው ሳይጀመር ወይም ፈጽሞ ካለቀ በኋላ እንጂ በአጨዳ መካከል አይደረግም። ታብሌት ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ ከጉግል ፕሌይ አዲሱን እትም በራሱ ሊያወርድ ስለሚችል፥ ቆጠራው ሳይጀመር ይህ ልማዱ ይዘጋበት።

2ኛ፥ በየመሣሪያው የቀረውን መሰብሰብ። ተቆጣጣሪው እያንዳንዱ ቆጣሪ ስንት መጠይቅ እንደ ሞላ በመዝገብ ይጽፋል፤ ሰርቨሩ ከተቀበለው ቁጥር ጋርም ያመሳክራል። ሁለቱ ቁጥሮች ሳይገጥሙ ማንም ታብሌት አይነካ። ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቁበት የሚገባው፥ አዲሱን ለመጫን ሲባል አሮጌውን ኮሌክት ከመሣሪያው ማጥፋት ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ያልተላከው መጠይቅ ሁሉ አብሮ ይጠፋልና።

3ኛ፥ ግልባጭ ማስቀመጥ። የሰርቨሩ መረጃ በሙሉ ተገልብጦ በሌላ ስፍራ ይቀመጣል። የመረጃው ማከማቻ አንድ ጊዜ ወደ አዲሱ አሠራር ከተዛወረ በኋላ አሮጌው ሶፍትዌር ሊያነበው ስለማይችል፥ ወደ ኋላ መመለሻው መንገድ ይህ ግልባጭ ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላ ሰርቨር ላይ ተከፍቶ በትክክል መነበቡ ይረጋገጥ፤ ያልተፈተነ ግልባጭ እንዳለ አይቆጠርም።

4ኛ፥ በግልባጩ ላይ መሞከር። አዲሱ እትም መጀመሪያ በግልባጩ ላይ ይጫናል፤ በቂ የማከማቻ ቦታ መኖሩም ይታያል። መጠይቁም አብሮ የሚለወጥ ከሆነ የሰብሉ መለያ ቁጥሮች ይመርመሩ። በአሮጌው 3 ቁጥር ገብስ ሆኖ ሳለ በአዲሱ ስንዴ ቢሆን፥ ሁለቱ ሲደመሩ ገብሱ በስንዴ ስም ይገባል። እንዲህ ያለው ስሕተት ሒሳቡ ትክክል መስሎ ስለሚታይ ለማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

5ኛ፥ ቅደም ተከተልን መጠበቅ። መጀመሪያ ተቀባዩ ሰርቨር ይታደሳል፤ ከአሮጌዎቹ መሣሪያዎች መቀበሉም ይታያል። ከዚያ በኋላ በአንድ ወረዳ ያሉ ጥቂት ታብሌቶች ታድሰው፥ የላኩት ሳይጎድል መድረሱ ሲረጋገጥ የቀሩት በተራ ይከተላሉ። ሁሉን በአንድ ቀን ማደስ ስሕተቱንም በአንድ ቀን በአገር ሁሉ ማዳረስ ይሆናል።

በዚህ ሥራ የአገረ ገዢውና የወረዳው ሹም ድርሻ ቀላል አይደለም። ቆጣሪዎቹን መብራትና ኢንተርኔት ወዳለበት ከተማ መጥራት፥ መጠይቁን ልከው እስኪጨርሱ ቀን መስጠት፥ ቁጥሩ ሳይመሳከር ሪፖርት እንዲቀርብ አለማስቸኮል የእነርሱ ፈንታ ነው። ባለ ማሳውም ሰብሉ የተለካበትን ቀንና ሚዛኑን በጽሑፍ ቢይዝ ክርክር በተነሣ ጊዜ ለማስረጃ ይጠቅማል።

ገበሬው ማሳውን አስለክቶ፥ እህሉን አስመዝኖ የሰጠው ቃል አደራ ነው። ይህም አደራ ከታብሌቱ ወጥቶ በሰርቨሩ ላይ ሳይቆጠር መሣሪያውን ለማደስ መቸኮል አይገባም።