መድኃኒት ወደ አከርካሪ እንዴት ይደርሳል?

በአከርካሪ ሕክምና ለብዙ ጊዜ ያከራከረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንቲባዮቲክ ከታመመው ሥፍራ በበቂ የማይደርስ ከሆነ ቀዶ ሕክምና የግድ አይሆንምን? የሚል ነው። ይህን ለመመርመር አስቀድሞ የአካሉን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

የአከርካሪ አጥንቶች ብዙ ደም ያገኛሉ፤ ስለዚህ በደም የሚመጣ ተሕዋስ በቀላሉ ያርፍባቸዋል፥ መድኃኒቱም በዚያው መንገድ ይከተለዋል። በሁለት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ዲስክ ግን በአዋቂ ሰው ዘንድ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡም ሆነ መድኃኒቱ በአጥንቱና በዲስኩ መካከል ባለው ስስ ሽፋን በኩል ቀስ በቀስ ሰርጎ ይገባል።

የዲስኩም ባሕርይ መድኃኒትን ከመድኃኒት ይለያል። ውስጡን የሞሉት ፕሮቲዮግላይካን የተባሉ ሞለኪውሎች አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው። ፔኒሲሊንና ሴፋዞሊን እንዲሁ አሉታዊ ስለሆኑ ይገፋሉ፤ አዎንታዊው ጄንታማይሲን ግን በተሻለ ይገባል። ይህም የታወቀው ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒቱን ሰጥተው፥ የወጣውን የዲስክ ቁራጭ በመመርመር ነው።

ነገር ግን መድረስና መሥራት አንድ አይደሉም። ጄንታማይሲን መግል በቋጠረ አሲዳማ ሥፍራ ኀይሉ ይደክማል፤ ኩላሊትንና ጆሮንም ሊጎዳ ይችላል። ደግሞም የተለካው አብዛኛውን ጊዜ ተሕዋስ ያልገባበት ዲስክ ነው፤ የታመመውና የተቆጣው ግን አዳዲስ የደም ሥሮች ሊበቅሉበት ይችላሉ። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የልኬት ሠንጠረዥ ብቻ ይዞ መድኃኒት መምረጥ ያሳስታል።

ክርክሩ ይበልጥ የከረረው በአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) ላይ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የገለጸው ይህ በሽታ አጥንቱን አፍርሶ ጀርባን ያጎብጣል፥ እግርንም ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስትሬፕቶማይሲንና አይሶኒያዚድ ከተገኙም በኋላ ብዙ ሐኪሞች መድኃኒቱ የሞተውን አጥንትና መግሉን ዘልቆ መግባቱን ይጠራጠሩ ነበር፤ ሕሙማንም ለወራት በአልጋና በጄሶ ታስረው ይኖሩ ነበር። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በኮሪያ፥ በማሳን ከተማ፥ ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ ገሚሱን 6 ወር ሆስፒታል አስተኛ፤ ገሚሱ እየተራመደ፥ ከቤቱ እየተመላለሰ መድኃኒት እንዲወስድ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው ውጤት እንዳሳየው የሁለቱ ወገን ድኅነት ተቀራራቢ ነበር። ምክር ቤቱ በሆንግ ኮንግ ባስጠናው ጥናት የታመመውን አጥንት አውጥቶ በሌላ አጥንት የሚተካው ቀዶ ሕክምና ብልጫ ቢያሳይም፥ ዋና ጥቅሙ ጉብጠት እንዳይብስ መከላከሉ ነበር። ለመድኃኒቱ መንገድ መክፈት የቢላዋው ሥራ አልነበረም ማለት ነው።

መግል በሚያመጡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ለሚታመም አከርካሪ ደግሞ በፈረንሳይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የ6 ሳምንት አንቲባዮቲክ ከ12 ሳምንቱ እንደማያንስ አሳይቷል።

እግሩ መዛል የጀመረ፥ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሕመምተኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መግሉ ኅብለ ሰረሰሩን እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል፥ መድኃኒቱ ሰርጎ እስኪሠራ ሳይጠበቅ ለቀዶ ሐኪም በአስቸኳይ መታየት አለበት።