ምስክርነቷ ለችሎት እንጂ ለቡና ወሬ አይደለም

በምንኖርበት በኮሎምበስ ከተማ አንዳንድ እህቶቻችን የትዳር ገመናቸውን ተሸክመው ዝም የሚሉት ዱላን ብቻ ፈርተው አይደለም። «ፍርድ ቤት ቆሜ የተናገርኩት ነገ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይወራል» የሚል ስጋትም አፋቸውን ይይዛል።

እርግጥ ነው፣ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ተከሳሹም የሚመሰክሩበትን ሰዎች ፊት ለፊት የመስማት መብት አለው። ይሁን እንጂ ሕጉ ተበዳይዋን ሜዳ ላይ አይጥላትም። እ.ኤ.አ. በ2017 የኦሃዮ ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ደኅንነቷ፣ ክብሯና የግል ሕይወቷ እንዲጠበቅ ያዛል። በ2023 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ደግሞ ፖሊስ በሚሰጣት ቅጽ አማካይነት ስሟና አድራሻዋ ለሕዝብ ከሚሰጡ የክስ ሰነዶች ላይ እንዲሸፈን ለመጠየቅ ያስችላታል። አዲስ መኖሪያዋን መሸሸግ ለምትሻም፣ የኦሃዮ ስቴት ጸሐፊ መሥሪያ ቤት ከ2016 ጀምሮ የሚያካሂደው «ሴፍ አት ሆም» የተባለው ፕሮግራም ምትክ የፖስታ አድራሻ ይሰጣታል።

አስተርጓሚውስ? እርስ በርስ ስለምንተዋወቅ የባሏ ወዳጅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አስተርጓሚውን በራሱ ወጪ የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ነው፤ አስተርጓሚውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የምታውቀው ሰው ከመጣ፣ ቃሏን መስጠት ከመጀመሯ በፊት ለዳኛው ተናግራ ሌላ እንዲመደብላት መጠየቅ ትችላለች።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ፍርድ ቤት የሸፈነውን ስም እኛ በስልክና በቡና ላይ ከገለጥነው ሕጉ ምን ይፈይዳል? እህታችን መስክራ ስትመለስ «ምን አልሽ?» አንበላት፤ «እንኳን በሰላም ገባሽ» ይበቃታል።