ጋስጫ፦ የሰዓታቱ ሊቅ ገዳም

ከመካነ ሰላም ደጋ ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው የቦረና ምድር በገደል በገደል ሲሰነጠቅ ያያል። ከአለት የተፈለፈለው የጋስጫ አባ ጊዮርጊስ ገዳም የሚገኘው በዚሁ አገር ነው። ሊቁ ያረፉበት ሐምሌ 7 የክረምት ቀን ቢሆንም ምእመናን ጭቃውንና ዝናቡን ተቋቁመው ለበዓሉ ይሰበሰባሉ።

የአባ ጊዮርጊስ አባት ሕዝበ ጽዮን የቤተ መንግሥት ካህን ነበሩ። ልጃቸውን ለትምህርት ሐይቅ እስጢፋኖስ አስገቡት፤ ትምህርቱ ግን አልገባው አለ። ገድሉ እንደሚተርከው ጊዮርጊስ ቀን ቀን ለማኅበሩ እህል ይፈጫል፣ ሌሊት ደግሞ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ያለቅሳል። እጁ ከወፍጮው መጅ ሳይለይ ዓመታት አለፉ። በኋላ እመቤታችን ጽዋዐ ልቡና አጠጣችው፤ ከዚያ ወዲህ ብዕሩ አላረፈም።

እኚህ ወፍጮ ፈጪ ናቸው በ1424 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) መጽሐፈ ምሥጢርን የፈጸሙት። አርዮስን፣ ሰባልዮስንና ንስጥሮስን እየጠሩ የሚሞግቱበት፣ በየበዓሉ እንዲነበብ የተዘጋጀ ታላቅ ድርሳን ነው። በዐፄ ዳዊት ዘመን ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በሃይማኖት ተከራክረዋል፤ መታሰርም ደርሶባቸዋል። ያረፉት መጽሐፉን በፈጸሙ በዓመቱ ገደማ ነው።

ያኔ ጋስጫ ያለበት አገር ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ ነገሥታት ደብር የሚተክሉበት፣ የሚቀበሩበትም ምድር ነው። ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ በወርቅ ያጌጠ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1521 ቅዳሴ ቤቱ ሲከበር ደርሷል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1531፣ የኢማም አሕመድ ጦር አቃጠለው። ሌላዋ ደብር አትሮንሰ ማርያምም ከዚያ እሳት አላመለጠችም።

አባ ጊዮርጊስ የደረሱት የሌሊት ጸሎት፣ ሰዓታት፣ ግን በአንድ ደብር ግድግዳ አልታጠረም። ከቃል ወደ ቃል፣ ከብራና ወደ ብራና ሲተላለፍ ቆይቶ ዛሬም በጾመ ፍልሰታ ሌሊት ከወሎ ገጠር እስከ አዲስ አበባ፣ ባሕር ማዶ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀር ይቆማል። ሰዓታቱን በቃሉ የያዘ ብዙ አገልጋይ ግን ጋስጫ የት እንደሆነ አያውቅም፤ ይህ ያሳዝናል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ወደ ቦረና ሳይንት ፓርክ የሚወጣ መንገደኛም ገዳሙን ሳይሳለም ከተመለሰ የአገሩን ግማሽ አላየም።