ብርድና ጤዛ በቶርኖ መቈጣጠሪያ ሳጥን ላይ

በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚታዘዙ ቶርኖዎችና ፍሬዛዎች በአገራችን ጋራዦችም ይሠራሉ። ብረታቸው ብርድን ይችላል፤ መቈጣጠሪያ ሳጥናቸው ግን እንደ ብረቱ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ሊጥል ይችላል። ማሞቂያ በሌለው የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ያደረ ማሽንም የሌሊቱን ብርድ ሁሉ ይቀበላል። አንድ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ቢቃጠል ምትኩ ከውጭ አገር እስኪመጣ ማሽኑ ይቆማል፤ ሠራተኛውም ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ጉዳቱ ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚከለከል በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በብርዱ ይመካኛል። በርግጥ በብርድ ጊዜ ፈሳሽ ያለባቸው ካፓሲተሮች ይደክማሉ፤ ግራሶም ይጠጥራል። ይሁን እንጂ ይህ ሲሞቅ በአብዛኛው የሚመለስ ነው። የማይመለሰውን ጉዳት የሚያደርሰው ጤዛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1 ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 17 ግራም የውሃ ተን ሊይዝ ይችላል፤ በ5 ዲግሪ ግን ከ7 ግራም አያልፍም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አየሩ ቶሎ ይሞቃል፤ ከባዱ ብረት ግን የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ይቆያል። አየሩ 15 ዲግሪ ደርሶ፣ ሊይዝ ከሚችለው ተን 60 በመቶውን ቢይዝ፣ 7 ዲግሪና ከዚያ በታች በሆነ ነገር ላይ ጤዛ ይቋጠራል። እንግዲህ 5 ዲግሪ ላይ ያለ ሰሌዳ ይረጥባል ማለት ነው። ጤዛው ከአቧራና ከብረት ብናኝ ጋር ሲቀላቀል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በዚህ ጊዜ ማብሪያው ቢከፈት ሾርት ሊያደርግ ይችላል።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ጠዋት ክፍሉን በእሳት በችኰላ ማሞቅ ጉዳቱን ያብሳል። 1 ኪሎ ነጭ ጋዝ ሲነድ ከ1 ኪሎ የሚበልጥ ውሃ በተን መልክ ወደ አየሩ ይለቃል። ከሰልም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለውና ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል።

የሚሻለው ሳጥኑን ብቻ ሌሊቱን ሞቅ አድርጎ ማሳደር ነው። በ5 ዲግሪ ተን የጠገበ አየር ወደ 10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ሙሌቱ ወደ 72 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ጤዛም አይቋጠርም። ለዚህ የሚያስፈልገው ለሳጥን የተሠራ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከነሙቀት መቈጣጠሪያው ነው። ዋናው ማብሪያ ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ፣ የራሱ መስመርና የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ ከሽቦዎችም ይራቅ። የሳጥኑ በር ጎማ የተሟላ ይሁን፤ ሽቦ የማያልፍባቸው ቀዳዳዎችም ይደፈኑ።

ሌሊት መብራት ጠፍቶ ካደረ ግን ጠዋት አስቀድሞ ማሞቂያውን ብቻ አብርቶ፣ ሰሌዳዎቹ ሞቀው እስኪደርቁ መታገሥ ይገባል። የጥቂት ሰዓት መዘግየት ማሽኑ ለወራት ከሚቆም ይሻላል።