የዩኒቨርሲቲው የጥበብ ትርኢትና የወላጆች ፈንታ

የትምህርት ዓመት ሊፈጸም ሲል በዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓይነት በዓል ይደረጋል። አንዱ ሁላችን የምናውቀው የምረቃ በዓል ነው፤ ወላጅ ከየአገሩ ተነሥቶ፥ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ፥ ልጁ ካባ ደርቦ ሲያልፍ አይቶ እልል ይላል። ሁለተኛው ግን ጥበብ የሚማሩ ልጆች የድካማቸውን ፍሬ ለሕዝብ የሚያሳዩበት ቀን ነው። የሥዕል ተማሪው ሥዕሉን በግድግዳ ላይ ሰቅሎ፥ የሙዚቃ ተማሪዋ መሣሪያዋን ይዛ፥ የቴአትር ተማሪዎችም በመድረክ ላይ ወጥተው በመምህራንና በእንግዶች ፊት ይቆማሉ። በዚህ በሁለተኛው በዓል ላይ የወላጅ ወንበር ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለዚያ ባዶ ወንበር ጥቂት ቃል ልንናገር እንወዳለን።

ነገሩ ለሁሉ ግልጽ ይሆን ዘንድ ከአንድ ቤት እንጀምር። ቤቱም በሰሜን ወሎ፥ በሀብሩ ወረዳ፥ በግራና ያለ ነው እንበል። የቤቱ ታላቅ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የክራር ድምፅ በሰማች ጊዜ ሥራዋን ትታ ጆሮዋን የምትሰጥ ናት። አንድ ማታ ራት ከተበላ በኋላ እንዲህ ትላለች።

«አባየ፥ ፈቃድዎ ቢሆን አዲስ አበባ ሄጄ ሙዚቃ መማር እፈልጋለሁ።»

አባትም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ልጄ፥ እኔ ያስተማርሁሽ አዝማሪ እንድትሆኚ ነውን?» ብለው ይመልሳሉ።

እናት ቡናውን እየቀዱ «አይቈጡ፤ እስቲ ነገሯን ትጨርስ» ይላሉ። ልጅቱ ግን አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች።

እንዲህ ያለው ነገር በግራና ብቻ ሳይሆን በብዙ ቤት የሚደረግ ነው። የአባትየው ፍርሃትም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ፍርሃቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ስለ ክብር፥ ሁለተኛው ስለ እንጀራ ነው። ሁለቱንም በየተራ እንመልከት።

ስለ ክብር የሆነ እንደ ሆነ፥ በአገራችን አንድ የማይገጥም ነገር አለ። ሠርግ ሲደገስ መሰንቆ መቺ ካልመጣ ሠርጉ ሠርግ አይመስልም፤ ሙሽራው ይመሰገናል፥ ቤተ ዘመድ ይወደሳል፥ ሁሉም በደስታ ይሸልማል። በማግሥቱ ግን ያንኑ ሰው የሚመስል ልጅ ከቤት እንዳይወጣ እንከለክላለን። ጥበቡን እየወደዱ ጠቢቡን መናቅ ከቀድሞ የወረስነው ልማድ ነው እንጂ በማስተዋል የቆመ ፍርድ አይደለም።

ይልቁንም ለወሎ ሰው ይህ ንቀት የሚገባ አይደለም። የአማርኛ ዘፈን የሚዜምባቸው ዋናዎቹ ቅኝቶች 4 ናቸው፤ እነርሱም ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆየ ለኔ ናቸው። እያንዳንዱም ቅኝት የተሠራው ከ5 ድምፆች ነው። ነገር ግን በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለሚለያይ፥ አንዱ ናፍቆትን ሲቀሰቅስ ሌላው ልብን ያነሣሣል። ከነዚህ ውስጥ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው፤ የአምባሰልም አገር ከሀብሩ በስተ ደቡብ ያለ ጐረቤት ነው። እንግዲህ የግራና ልጅ ሙዚቃ ልትማር ብትሄድ፥ በትምህርት ቤት ከምትማራቸው ነገሮች አንዱ የጐረቤቷ አገር ስም መሆኑን አባቷ ሊያውቁት ይገባል።

ሥዕልም እንዲሁ ነው። ከግራና ወደ ደቡብ ሲወርዱ ከሚገኘው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ በ13ኛው መቶ ዓመት ለአባ ኢየሱስ ሞዐ የተጻፈው ወንጌል ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ነው። ስለ ግጥምም የተናገርን እንደ ሆነ፥ የሼኽ ጦልሐ ጃዕፈር መንዙማ በጸሎትነቱ ተከብሮ በወሎ እስከ ዛሬ ይባላል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የጥበብ ትምህርት ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከገዳሙ፥ ከመስጊዱና ከሠርግ ዳሱ የወጣውን ወስዶ በሥርዓት የሚያጠናና የሚያሳድግ ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፥ ለዚህ ሥራ የአገሩ ልጅ ታስፈልገዋለች።

ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥበብ እንዴት እንዳከበረው ከቀድሞው ታሪክ አንድ ምሳሌ እናምጣ። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1963 በግብጽ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብህ በአዲስ አበባ፥ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ትምህርት ቤት ሳለ፥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የሚባለውን ማኅበር አቋቋመ። ከዚያ በፊት መሰንቆው ለብቻው፥ በገናው ለብቻው፥ ዋሽንቱም ለብቻው ይሰማ ነበር። አንድ አውታር ያለው መሰንቆ፥ ብዙ ጊዜ 6 አውታር ያለው ክራር፥ 10 አውታር ያለው በገና፥ ከሸምበቆ የሚሠራው ዋሽንትና ከበሮው አብረው በአንድ መድረክ ላይ እንዲሰሙ ተደረገ። ኋላም ማኅበሩ በተስፋዬ ለማ መሪነት እየሠራ በ1969 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በልዩ ልዩ ከተማ ጥበቡን አሳየ። በጠላና በጠጅ ቤት ይሰማ የነበረው መሰንቆ በዩኒቨርሲቲ ወንበር አግኝቶ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው።

ዛሬም ይህ ሥራ አልተቋረጠም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጥበብ ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ በስመ ጥሩው ሠዓሊ በእስክንድር ቦጎስያን ስም ተሰይሞ ነበር። በውስጡም 3 ትምህርት ቤቶች ይገኙ ነበር። የመጀመሪያው በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው፤ አሁንም በስማቸው ይጠራል። ሁለተኛው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ ተማሪው ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር የአገሩን መሣሪያ ደግሞ ይማራል። ስመ ጥሩው የበገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋም በዚሁ ቤት በገና አስተምረዋል። ሦስተኛው በተውኔት ደራሲው በዮፍታሔ ንጉሤ ስም የተሰየመው የቴአትር ትምህርት ቤት ነው።

ወደነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚገባው ሰው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ብቻ አይገባም፤ ተሰጥዎው በፈተና ይታያል። ከገባም በኋላ እንደ ማንኛውም ተማሪ ዓመታት ይደክማል። በመጨረሻም የሥዕሉ ተማሪ ሥራውን ለሕዝብ አቅርቦ፥ የሙዚቃውም ተማሪ በመድረክ ተፈትኖ ይወጣል። እንግዲህ የዓመቱ መጨረሻ ትርኢት ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ፈተናም ነው።

ሴት ልጅ ስለ ሆነች የሚፈሩ ወላጆችም የሠዓሊት ደስታ ሐጎስን ታሪክ ያስታውሱ። እርሷ በዚያ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተማሩት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት፤ ሥራዋንም ለብቻዋ በአደባባይ አቅርባ ለኋለኞቹ ሴቶች መንገድ ከፍታለች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍርሃት፥ ወደ እንጀራ ነገር እንመለስ። በዚህ ነገር እውነቱን መሸሸግ አይገባም። ጥበብ የተማረ ሁሉ ወዲያው ደመወዝ ያገኛል ብለን ወላጆችን አናታልልም። በትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፥ በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚሠሩ፥ በብሔራዊ ቴአትርና በአገር ፍቅር ቴአትር የሚያገለግሉ፥ መጽሐፍና ማስታወቂያ በሥዕል የሚያሳምሩ አሉ፤ ሥራ ፈልገው የሚቸገሩም አሉ። ነገር ግን ይህ ችግር በሌላውም ትምህርት ላይ ያለ ነው። ዝንባሌው ሳይሆን ተገዶ የሚማር ልጅም ብዙ ጊዜ ትምህርቱን በመካከል ይተወዋል። ስለዚህ ወላጅ የሚበጀው መከልከል ሳይሆን አስቀድሞ አይቶና ጠይቆ መምከር ነው። ለማየትና ለመጠየቅ ደግሞ ከትርኢቱ ቀን የተሻለ ጊዜ የለም።

እንግዲህ ወደ እንዲህ ያለ ትርኢት ለሚሄዱ ቤተ ሰቦች የሚጠቅም ምክር ከዚህ በታች ጽፈናል።

አንደኛ፥ የምረቃውን ቀን እንደምትጠይቁ ሁሉ የትርኢቱን ቀን አስቀድማችሁ ልጃችሁን ጠይቁ። ከግራና እስከ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፥ ሁለት ጊዜ መመላለስ ለብዙ ቤት ከባድ ነው። ሁለቱ ቀኖች ቢቀራረቡ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ማየት ይቻላል። መሄድ ያልተቻለ እንደ ሆነ ደግሞ ልጁ ሥራውን በእጅ ስልክ እንዲልክላችሁ አድርጉ፤ ቤተ ሰብ ሁሉ ተሰብስቦ ይመልከተው፥ ያየውንም ይንገረው።

ሁለተኛ፥ በሥዕል ፊት በቆማችሁ ጊዜ «ይህ ምንን ይመስላል?» ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኵሉ። «ምን አስበህ ሣልኸው?» ብላችሁ ሠዓሊውን ራሱን ጠይቁት። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሠዓሊና የገጣሚ ሁለት ጸጋ የነበረው ሰው ነው፤ አባቱ መጻሕፍትን በእጅ የሚጽፉ ሊቅ ነበሩ፤ እርሱ ግን በጀርመን አገር ተምሮ ተመልሶ፥ በአገራችን ያልተለመደ የአሣሣል መንገድ አመጣ። የተመለከተው ሁሉ ወዲያው አልተረዳውም ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የሚጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ፤ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2008 የተከፈተ ነው፤ በጀርመን ተቀምጠው የነበሩ ሥራዎቹም ወደዚያ ተመልሰዋል።

ሦስተኛ፥ በሠርግ ቤት ዘፈን ሲዘፈን ማጨብጨብና አብሮ መቀበል ደስ ያሰኛል። በሙዚቃ ፈተና መድረክ ግን ተጫዋቿ እስክትጨርስ ዝም ብሎ ማድመጥ አክብሮት ነው። የእጅ ስልክ ይዘጋ፤ ሕፃን ቢያለቅስ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ያውጡት። በተጨረሰ ጊዜ ግን እልልታችሁን አትንፈጉ።

አራተኛ፥ ከተቻለ አያትን ይዛችሁ ሂዱ። የአያት ጆሮ ከሁላችን ጆሮ ይልቅ ብዙ ያውቃል። ተማሪዋ የተጫወተችው ዜማ በቀድሞ ዘመን በምን ጊዜ ይዘፈን እንደ ነበረ፥ በአጨዳ ይሁን በሠርግ ወይም በለቅሶ፥ አያት ሊነግሯት ይችላሉ። ይህ ከመምህር የማይገኝ ትምህርት ነው።

አምስተኛ፥ ትርኢቱ ካበቃ በኋላ መምህሩን ለብቻ አግኝታችሁ ስለ ልጃችሁ ተሰጥዎና ስለ ወደ ፊት ሥራው በግልጽ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ የምንለው ስለ ሩቁ ከተማ ብቻ አይደለም። የግራና ሰው በአቅራቢያው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለው። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ተዘርፎና ተጎድቶ ነበር፤ ኋላም ተማሪዎቹን መልሶ ተቀብሏል። በዚያ ክፉ ጊዜ ሁላችን የተማርነው ነገር አለ፤ መጽሐፍም መሣሪያም በአንድ ወራት ሊጠፋ እንደሚችል አይተናል። በሰው ልብ ያለው ዜማም፥ ሳይጻፍና ልጅ ሳይማረው ከቀረ፥ ሽማግሌው ባረፉ ቀን አብሮ ይቀበራል።

የግራና ስም በእርሻ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ስለ መስኖው ይጠቀሳል፤ በስሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል ከወጡት የማሽላ ዘሮችም አንዱ «ግራና አንድ» ተብሎ ተሰይሟል። ሊቃውንቱ ከገበሬው ማሳ ዘር ወስደው፥ መርምረው፥ አሻሽለው ለገበሬው መመለሳቸውን ማንም አይነቅፍም። ዜማውም እንደ ዘሩ ነው። ልጅቱ ከግራና ይዛው ሄዳ፥ ተምራ፥ አጥንታ ብትመልሰው ለአገሯ ሠራች እንጂ ቤቷን አላሳፈረችም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ቤት ስንመለስ፥ አባትየው ያን ማታ «እሺ» ብለው ወዲያው ይፍቀዱ አንልም። «ልጄ፥ አስቀድሜ በዐይኔ ልይ፤ ከዚያ በኋላ እንመካከራለን» ቢሏት ግን ይበቃል። ይህን ብለው ሄደው ያዩ እንደ ሆነ፥ ቢፈቅዱም ቢከለክሉም ፍርዳቸው በማወቅ የተሰጠ ይሆናል፤ ልጅቱም አባቷ ስለ እርሷ መንገድ እንደ ደከሙ ታውቃለች።

በዚህ ዓመት ልጃችሁ ሥራውን ለሕዝብ የሚያሳይ የሆነላችሁ ወላጆች ሆይ፥ ከብዙ እንግዶች ጭብጨባ ይልቅ የእናንተ መምጣት ለልጃችሁ ብርታት ይሆነዋልና ሳትዘገዩ ተነሡ።